ያልላክሁት እርማት

ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ ኮምፒውተር የሚማሩ የካርቱም ወጣቶች ባዘጋጁት ስብሰባ ላይ ስለ ሥራዬ እንድናገር ጋብዘውኝ ነበር። ንግግሬን እንደጨረስኩ ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች።

«ሁላችንም የምንሠራው ሌሎች ሰዎች ጽፈው በነፃ በሰጡን ፕሮግራም ነው» አለች። «የፈለገ ሰው ኮዱን ከፍቶ ያየዋል፣ ይጠቀምበታል፣ ያስተካክለዋል። ታዲያ ከእኛ መሃል ያስተካከለውን መልሶ የሚሰጥ ሰው ለምን ጠፋ?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። መብራት ይጠፋል አልኩ። ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው፣ የአሜሪካ ማዕቀብ ስንት ድረ ገጽ ለዓመታት ዘግቶብን ኖሯል፣ አለቆቻችን ጊዜ አይሰጡንም፣ ኑሮ የሚያሯሩጠው ሰው በነፃ የሚሠራበት ጉልበት ከየት ያመጣል አልኩ። አንዱም ውሸት አልነበረም። ተጨበጨበልኝ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ያልኩትን ሁሉ ደብተሯ ላይ ስትጽፍ ሳያት ግን ፊቴ ጋለ። የራሴን ምክንያት አልነገርኳትማ። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር፤ ከአራት ሰዎች በቀር። ለእነዚያም ቢሆን የነገርኳቸው ከረፈደ በኋላ ነው።

የተወለድኩት ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ነው። እናቴ ኢትዮጵያዊት፣ አባቴ ሱዳናዊ ነበሩ። አባቴ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ ስለሞተ ያደግኩት በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በሀበሻ ሴቶች መካከል ነው። ትምህርት ቤት በዓረብኛዬ ውስጥ የእናቴ አነጋገር ይሰማል ብለው ይስቁብኛል። ከአገር ቤት አዲስ የመጡት ልጆች ደግሞ በአማርኛዬ ይስቃሉ። እንግሊዝኛውን ከኮምፒውተር መጽሐፍ ነው የለቀምኩት፤ አነበዋለሁ፣ ልጽፈው ስል ግን እጄ ይታሰራል። ሦስት ቋንቋ ይዤ በአንዱም ደፍሬ የማልናገር ሰው ሆኜ አደግኩ። ኮድ ስጽፍ ብቻ ነው ማንም የማይስቅብኝ።

ከእኛ ክፍል ቀጥሎ ያለውን ክፍል የተከራየችው ሴት የእናቴ የአገሯ ልጅ ናት። ሥጋ ዘመዳችን አይደለችም፤ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ «ኻልቲ» እላታለሁ፤ በዓረብኛ የእናቴ እህት ማለት ነው። አል-ማንሺያ በሚባለው ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ምግብ ታበስላለች። ሳምንቱን እዚያው ታድራለች፤ ሐሙስ ከሰዓት በሚኒባስ ወደ ዴም ትመጣና ዓርብን ከእኛ ጋር ትውላለች። ልጅ የላትም። የመጀመሪያዬን ላፕቶፕ ለመግዛት እናቴ ስትቸገር «ልጁ ይማር» ብላ ግማሹን የሰጠችው እሷ ናት።

ኻልቲ ከቦርሳዋ የማትለያት አንዲት ወረቀት ነበረቻት። ከብዙ ዓመት በፊት ፔኒሲሊን ተወግታ ለሞት ደርሳ ነበር። ያተረፋት ሐኪም በዓረብኛ «ለዚህች ሴት ፔኒሲሊን አትስጡ» ብሎ ጻፈላት። ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልላ ትይዛታለች። ሐኪም ፊት በቀረበች ቁጥር መጀመሪያ እሷን ታወጣለች፤ ዓረብኛዋ የኩሽና ዓረብኛ ስለሆነ ስለ ሕመም ለመናገር አትተማመንበትም ነበር።

እኔ የምሠራበት ቢሮ መሃል ከተማ፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሦስት ነን፤ አለቃችን፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬና እኔ። ሥራችን ለግል ክሊኒኮች የሕሙማን መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም መጫንና መጠገን ነው። ፕሮግራሙን የጻፍነው እኛ አይደለንም። በዓለም ዙሪያ የተበተኑ በጎ ፈቃደኞች ጽፈው ለሁሉም በነፃ የለቀቁት ነው። እኛ ዓረብኛ እናስገባለታለን፣ እናሠለጥናለን፣ ሲበላሽ እንጠግናለን። የዕለት እንጀራችን ማንንም ሳናመሰግን በወሰድነው ነገር ላይ የቆመ ነበር ማለት ነው።

አንድ ቀን ጀብራ ሰፈር ካለ ክሊኒክ ተደወለልን። መዝገብ ቤት ያለው ሰውዬ ተናዷል። «ያ ባሽመሃንዲስ» አለኝ፤ የእኛን ሙያ ሰው እንዲህ ነው የሚጠሩት። «ሁለት ሰዎች አንድ ሰው ሆኑብኝ! አንዱ ስኳር አለበት፣ አንዱ የለበትም። አሁን ማን ማን እንደሆነ አላውቅም።»

ሄጄ አየሁት። ሁለቱ ሰዎች ስማቸው ከነአባታቸውና ከነአያታቸው አንድ ነው። የልደት ቀናቸውም አንድ ነው። ይህ እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። የልደት ቀኑን የማያውቅ ሰው ሁሉ ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ አንድ ተብሎ ይጻፍለታል፤ ዓመቱም በግምት ነው። የእናቴም፣ የኻልቲም፣ የግማሹ ሰፈር ልደት በዚያው ቀን ነው። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች አገር ግን ስሙም ልደቱም አንድ የሆነ ሰው ያው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ማንንም ሳይጠይቅ ሁለቱን ፋይሎች ያዋህዳል። በሁለቱ ላይ የተለያየ ነገር ከተጻፈ የቀደመውን ያጠፋና የኋለኛውን ያስቀምጣል።

ለማስተካከል የፈጀብኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ከማዋሐዱ በፊት ቆሞ ሰው እንዲጠይቅ አደረግኩት። ጀብራ ሄጄ ጫንኩላቸው፤ ሰውዬው «አላህ ይስጥህ» ብሎ መረቀኝ።

ወደ ቢሮ ስመለስ የፕሮግራሙን ሠሪዎች ገጽ ከፈትኩ። ከወራት በፊት አንድ የማላውቀው ሰው ከሌላ አገር «የሁለት ሕሙማን ፋይል እየተዋሐደብን ነው፤ የሚረዳን አለ?» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ፕሮግራሙን በኃላፊነት የሚጠብቀው ሰው መልሷል። «አይቼዋለሁ፤ ምክንያቱን ግን ማግኘት አልቻልኩም። ብቻዬን ነኝ። ያገኘ ሰው እባካችሁ ይንገረኝ።» ይህን ያነበብኩት መልሱ እዚያው ስክሪን ላይ፣ በሌላ መስኮት ተከፍቶ ሳለ ነው።

ባልደረባዬ ከኋላዬ ቆማ አነበበችው። «ያላ፣ ላክላቸው እንጂ!» አለችኝ።

«እልካለሁ» አልኳት።

መልእክቱን በእንግሊዝኛ መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ምን ያህል ጊዜ እንዳጠፋሁ አላስታውስም። ሰላምታው ላይ ራሱ ተሰናከልኩ። ከዚያ ሌሎች ሰዎች የላኩትን ሳይ አንድ አዲስ ሰው እርማት ልኮ «መጀመሪያ መመሪያውን አንብብ» የሚል መልስ እንደተሰጠው አየሁ። ስድብ አልነበረም። ግን እኔ የተባልኩ ያህል ጆሮዬ ጋለ። ኮዴን ዓለም ሁሉ ሊያየው ነው፤ እንግሊዝኛዬን ሊያየው ነው፤ ስሜ ከሥሩ ለዘላለም ሊቀመጥ ነው። መልእክቱን አጠፋሁት።

በማግስቱ ባልደረባዬ «ላክህ?» ስትለኝ፣ «አለቃችን የቢሮ ሥራ ለውጭ ሰው መስጠት አይፈልግም» አልኳት። አየት አደረገችኝና ወደ ሥራዋ ዞረች። አለቃዬን ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ኻልቲ አዲስ የተከፈተው የሰፈራችን የበጎ አድራጎት ክሊኒክ መመዝገብ ፈለገች። አስተርጓሚ ሆኜ አብሬያት ሄድኩ። የመዝጋቢዋ ስክሪን ሲበራ ያንኑ የእኛን ፕሮግራም አየሁ። እነሱ የእኛ ቢሮ ደንበኛ አይደሉም፤ ራሳቸው ከኢንተርኔት አውርደው ነው የጫኑት። ደስ አለኝ፣ ኮራሁም። ኻልቲ ወረቀቷን ስታወጣ ከእጇ ተቀብዬ ለመዝጋቢዋ አነበብኩላት። ልጅቷ «ፔኒሲሊን፤ አለርጂ» ብላ ስትጽፍ በዓይኔ አየሁ።

«በቃ» አልኳት ኻልቲን። «አሁን ኮምፒውተሩ ያውቀዋል። ከእንግዲህ ወረቀት ይዘሽ መዞር የለብሽም፤ በዓረብኛ ላስረዳ ብለሽም አትጨነቂ።»

«እርግጠኛ ነህ ልጄ?»

«የእኔ ሥራ እኮ ነው ኻልቲ።»

ወረቀቷ በማጠፊያዋ ላይ ተቀዳድዳ ስለነበር ክሊኒኩ በር ላይ ካለው ቅርጫት ውስጥ ጣልኳት። ስንወጣ ስህተቱ ትዝ አለኝ፤ ይህ ክሊኒክ የያዘው ያልታረመውን ነው። በዚህ ሳምንት እልከዋለሁ ብዬ አሰብኩ። የሚያሳፍረኝ መርሳቴ አይደለም። አልረሳሁትም። በየጊዜው ትዝ ይለኝ ነበር፤ ትዝ ባለኝ ቁጥርም ሌላ ሥራ እጀምር ነበር።

እርማቱን ከሠራሁ አሥራ አንድ ወር ሲሆነው፣ አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ እናቴ ደወለችልኝ። ድምጿ በደንብ አይሰማም፤ ታለቅሳለች። «ኻልቲህ! ክሊኒክ... ቶሎ ና!»

ባለሦስት እግር ረክሻ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ስደርስ ኻልቲ አልጋ ላይ ናት። ፊቷ አብጦ ዓይኗ ተከድኗል፤ ትንፋሿ እንደ ፉጨት ይሰማል። ኦክስጅን አድርገውላታል። አል-ማንሺያ ሥጋ ስትከትፍ ጣቷን ቢላ ቆርጧት ቁስሉ አመርቅዞ ነው የመጣችው። ነርሷ «አለርጂ አለሽ ወይ?» ብላ በዓረብኛ ጠይቃታለች። ኻልቲም በዚያች በኩሽና ዓረብኛዋ «ኩሉ ፊ ኮምፒውተር» ብላ መልሳለች፤ ሁሉም ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ ማለቷ ነው። ነርሷ ስክሪኑን አየች። «አለርጂ የለም» ይላል። ፔኒሲሊን ወጋቻት።

የክሊኒኩ ኃላፊ ሽማግሌ ሐኪም ናቸው። ፈጥነው ማርከሻውን ወግተው አተረፏት፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ላኳት። እናቴ አብራት ሄደች። እኔ ልከተላቸው ስል ሐኪሙ ትከሻዬን ያዙኝ። «አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ አሉ። ና እስቲ ይህን እይልኝ።»

የኻልቲን ፋይል ከፈቱት። ስሟ ነው፤ የአባቷ ስም ነው፤ ልደቷ ጃንዋሪ አንድ ነው። ከዚያ በታች «አራት ወልዳለች» ይላል። ኻልቲ ወልዳ አታውቅም። ከእሷ በኋላ ሞክሼዋ የሆነች ሌላ ሀበሻ ተመዝግባ፣ ሁለቱ ሴቶች አንድ ሆነዋል። የኋለኛይቱ አለርጂ የለባትም።

ነርሷ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሱዳናዊት ናት፤ የተጠቀለለችበትን የቶቧን ጨርቅ ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣ ትጠመዝዘዋለች።

«ጥፋቱ የእሷ ነው ወይስ የመሣሪያው?» አሉኝ ሐኪሙ።

አውቅ ነበር። የትኛው የኮድ መስመር እንደሆነ ሁሉ አውቅ ነበር። ግን «የመሣሪያው ነው» ብል ቀጣዩ ጥያቄ «እንዴት አወቅህ?» ነው።

«ማጣራት ያስፈልጋል» አልኩ።

ሐኪሙ ወደ ነርሷ ዞረው «እስኪጣራ ድረስ ቤትሽ ቆዪ» አሏት። ቦርሳዋን አንስታ በአጠገቤ አልፋ ወጣች።

ኻልቲ ሆስፒታል ሁለት ቀን ተኝታ ዳነች፤ አልሐምዱሊላህ። እኔ የሥራ ሳምንት በሚጀምርበት በእሑድ ጠዋት ቢሮ ገባሁና ቀጥታ ወደ አለቃዬ ሄድኩ። ያንን እርማት ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ልልከው እፈልጋለሁ፣ ፍቀድልኝ አልኩት። ግራ ተጋባ።

«ላከው። እስካሁን ምን ያዘህ?»

«የቢሮው ሥራ ነው ብለህ እምቢ ትላለህ ብዬ...»

«መቼ ጠየቅኸኝ?» አለኝ። ባልደረባዬ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። ያን ዕለት የተናገርኩትን አላነሳችብኝም። ባታነሳውም ሁለታችንም ሰምተነዋል።

መልእክቱን ጻፍኩ። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ሳላርመው፤ ስህተቱ ይህ ነው፣ እርማቱ ይኸው፣ ሰው ተጎድቷል ብዬ ላክሁት። በማግስቱ ቀትር ላይ መልስ መጣ። ፕሮግራሙን የሚጠብቀው ሰው ሩቅ አገር የሚኖር የትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ይህን ሥራ የሚሠራው ከማስተማር በሚተርፈው ሰዓት ነው። «አመሰግንሃለሁ» ይላል። «ይህን ነገር ከአንድ ዓመት በላይ ስፈልገው ነበር። ሰው ይጎዳል ብዬ የፈራሁት አልቀረም። ሴትዮዋ እንዴት ናት? ለመሆኑ መቼ አገኘኸው?»

ባለፈው ሳምንት ብል ማንም አይደርስብኝም። ጣቶቼ ያንን ሊጽፉ ጀምረው ነበር። አጠፋሁትና «ከአሥራ አንድ ወር በፊት» ብዬ ጻፍኩ። ምክንያቴንም ነገርኩት፤ እንግሊዝኛዬን ፈርቼ ነው አልኩት።

ከሁለት ቀን በኋላ የታረመው ፕሮግራም ወጣ፤ ከረዱት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስሜ ተጽፏል። ለእኔ ለብቻዬ ደግሞ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ሌላ ጊዜ የተበላሸም ቢሆን ላከው፤ አብረን እናቃናዋለን። እኔም ብቻዬን ነኝ ብዬ ጽፌ፣ መልስ የማይሰጡኝ ሰዎች ግድ የላቸውም ብዬ ነበር የማስበው። እንደሚያፍሩ አላውቅም ነበር።» ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ምስጋናው የራበው ሰው በሞላበት ቤት ተደብቆ ሲበላ እንደተያዘ ሰው አሳፈረኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ለሐኪሙ ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ዓርብ ዕለት እዚሁ ቆመህ ነበር» አሉኝ።

«አዎ።»

«እሷም በሩ ላይ ቆማ ነበር።»

«አዎ፣ ዶክተር።»

ስልካቸውን አንስተው ነርሷን ጠሯት። እስክትመጣ ድረስ መተላለፊያው ላይ ጠበቅኋት። ስትመጣ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ፣ እንደማውቅም ነገርኳት። አዳመጠችኝ።

«ለማስተካከል ስንት ጊዜ ወሰደብህ?» አለችኝ።

«አንድ ከሰዓት በኋላ።»

«እኔ አምስት ቀን ሴትዮዋን ገደልኩ እያልኩ እንቅልፍ አልተኛሁም» አለች። «መትረፏን እንኳ የነገረኝ ጎረቤት ነው።» ከዚያ «ማዓሌሽ» ብላ፣ ገፋ አድርጋኝ ሳይሆን ዞር ብላ፣ ወደ ሥራዋ ገባች። ማዓሌሽ ይቅርታም ነው፣ ምንም አይደለምም ነው፣ ምን ይደረጋልም ነው። የትኛውን እንዳለችኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የቀረችው ኻልቲ ናት። እናቴ ጋ አልጋ ላይ ተቀምጣ ድምጿ ገና እንደጎረነነ ነው። ስለ ኮድ ላስረዳት ሞከርኩ። ሰዎች በነፃ የሠሩት ነገር ነው፤ ቀዳዳ ነበረው፤ እኔ ቀዳዳውን አግኝቼ ለራሳችን ደንበኛ ብቻ ደፈንኩት፤ ለሌላው አልሰጠሁም አልኳት። ኮዱን ባታውቀውም ነገሩ ወዲያው ገባት።

«ታዲያ ለምን አልሰጠሃቸውም? ሥሥት ነው?»

«አይደለም። እንግሊዝኛዬን አፈርኩበት። ይስቁብኛል ብዬ።»

«እኔ በሰው ቤት ሃያ ዓመት በተሰባበረ ዓረብኛ ስናገር ኖሬያለሁ» አለች። «ሳቁብኝ። ልጆቹ እየተቀባበሉ እንደኔ እያወሩ ሳቁብኝ። ካልተናገርኩ ግን ጨው አልቋል እንኳ ብዬ መናገር አልችልም። አንተ አፍረህ ዝም አልክ፤ እኔ ደግሞ አንተን አምኜ ዝም አልኩ።»

እናቴ «በይ ተይው፣ ልጅ ነው» አለች።

«ልጅ አይደለም» አለች ኻልቲ። አልጮኸችም። «ሁሉንም ይቅር ብዬሃለሁ። ወረቀቴን ግን ለምን ጣልክብኝ?»

አንገቴን ደፋሁ። ውሃ ስጠኝ አለችኝና ሰጠኋት።

ስለ ፕሮግራመሮች ሲወራ ብዙ ጊዜ ስለ ጊዜ ማጣትና ስለ አለቃ ይወራል። እኔም ያንን ነው አዳራሹ ውስጥ ያወራሁት። ግን ከማውቃቸው ልጆች መሃል እንደኔ ያስተካከሉትን ይዘው የተቀመጡ ስንት እንዳሉ አሁን አውቃለሁ፤ ታሪኩን ከነገርኳቸው በኋላ አንድ ሁለቱ በጆሮዬ ነግረውኛል። አንዱ በኮዴ ይሳቅብኛል ይላል። አንዱ እኔ ማነኝ፣ የእነሱ ነገር ነው እንጂ ይላል። መቀበል ቀላል ነው፤ ሲቀበሉ ማንም አያይም። መስጠት ግን መታየት ነው። እኛ ደግሞ ስንታይ ሳይሳቅብን ያደግን ሰዎች አይደለንም። ይህ ማብራሪያ ነው፤ ማመካኛ እንዳይሆንልኝ እጠነቀቃለሁ።

ጦርነቱ ሲመጣ ዴም ባዶ ሆነ። ኻልቲ በመተማ በኩል አገሯ ገባች፤ እናቴና እኔ ፖርት ሱዳን ነን። ክሊኒኩ ተዘርፎ ተዘጋ አሉ። ነርሷ የት እንደደረሰች አላውቅም፤ ጠይቄ ያገኘሁት ሰው የለም።

እርማት መላኩን ቀጥያለሁ። ላክ የሚለውን ከመጫኔ በፊት እጄን አሁንም ያልበኛል፤ መምህሩም ሰዋስዌን አንድ ቀን አርሞኝ አያውቅም። ባለፈው ወር የዓረብኛ ጽሑፍ ሲታተም የሚገለባበጥበትን አንድ ትንሽ ስህተት አገኘሁ። አስተካከልኩት። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ያዝኩት። መብራት ነበረ፣ ኢንተርኔት ነበረ፣ የሚከለክለኝ አለቃም የለኝም። በአሥረኛው ቀን ላክሁት። ለዘጠኙ ቀን የምሰጠው ምክንያት የለኝም።